ለአዝማሪው የሰጠሁት ግጥም

ንፋስ መውጫ፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ዛሬ አዝማሪ ስንሻው ገዥውን በዘፈን ሰድበሃል ተብሎ ስድስት ወር ተፈረደበት። መዝገቡን የጻፍኩት እኔ የችሎቱ ጸሐፊ ነኝ። በጥር ወር በነበረ ሠርግ ላይ ያን ግጥም «ተቀበል» ብዬ በጆሮው የሰጠሁትም እኔው ነኝ። የዳሱ ሰው ሁሉ ሲስቅ አብሬ ስቄያለሁ።

ዳኛው «ግጥሙን ማን ሰጠህ?» አሉት። አዝማሪ ሰው የሰጠውን ተቀብሎ እንደሚያዜም እሳቸውም ያውቃሉ። ስንሻው አንድ ጊዜ አየኝና «የራሴ ነው ጌታዬ፤ አፌ ነው ያሳሰረኝ» አለ። ብዕሬ ቆመ። «ጻፍ እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ። ጻፍኩ።

ነገ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ አልዋሽም፤ አልናገርም። ማሲንቆው በኤግዚቢትነት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። እሱ እንኳ ከእኔ ይሻላል፤ ሲነኩት ይጮኻል።