በንድ፦ ምስክር ያጣው ፍቺ

መምህር ኾዳራህም ከአባታቸው ከግንበኛው ሰብዛሊ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ጎልአንዳም በፋርስ አቆጣጠር በ1317 በሹሽታር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የወንዝ ግድብ ጠጋኝ ነበሩ። ግድብ በአገራችን «በንድ» ይባላልና፣ ልጁ አፉን የፈታው በዚሁ ቃል ነው እየተባለ በቤተሰቡ ይቀለድ ነበር።

በአህዋዝ የመምህርነት ሥልጠናቸውን አጠናቀው ከ1338 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ቋንቋ አስተምረዋል። ጎን ለጎንም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የአገሬውን አነጋገር በካርድ እየጻፉ ይልኩ ነበር። የበንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣቸው። ቃሉ «ማሰር» ከሚለው ጥንታዊ ግስ ወጥቶ ገመድም፣ ግድብም፣ የጣት አንጓም፣ የእስረኞች ክፍልም፣ የግጥም ክፋይም እንዴት እንደ ሆነ ከዓሣ አጥማጅ፣ ከወጌሻ፣ ታስሮ ከተፈታ ሰው ሲጠይቁ ኖረዋል። ደንባቸው አንድ ነበር፤ ሁለት ሰው ያልመሰከረለት ፍቺ ካርድ ላይ አይሰፍርም። በዚህ ግትርነታቸው ያልሣቀባቸው የሻይ ቤት ደንበኛ የለም።

በ1346 ከወይዘሮ ኖስራት ጋር ጋብቻ መሥርተው ማህሩንና ጊቲን ወልደዋል። ማህሩ ከአባቷ ጋር ግድቡ ላይ ስትሄድ እጇን ዘርግታ «ባባ፣ በንድ!» ትል ነበር፤ እጄን ያዘኝ ማለቷ ነው። ቃሉን እንዲህ የሚናገር ሌላ ሰው አልነበረም።

በ1354 ጸደይ፣ መምህር ኾዳራህም ግድቡ ላይ ቆመው ከአንድ ዓሣ አጥማጅ የሰሙትን ሲጽፉ፣ የስድስት ዓመቷ ማህሩ እጇን ዘረጋች።

«ባባ፣ በንድ!»

«ቆዪ የኔ ልጅ፣ ይቺን ልጨርስ» አሏት።

ካርዱን ጨርሰው ቀና ሲሉ ልጅቷ የለችም። አስከሬኗ በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ውስጥ ተገኘ።

የቀሩትን ፍቺዎች ሁሉ ጽፈው ላኩ፤ የማህሩን ግን አልጻፉም። ወይዘሮ ኖስራት በየሙት ዓመቷ፣ «ለዓሣ አጥማጁ ካርድ አለህ፤ ለልጄ ቃል ግን ቦታ አጣህ አይደል?» ይሏቸው ነበር።

«የቃሉ ምስክር እሷ ብቻ ናት፣ ኖስራት» ብለው ይወጡ ነበር።

እውነቱን ቤተሰቡ ያውቀዋል። ያን ካርድ መጻፍ፣ ልጃቸው ስትጠራቸው መስማታቸውን በገዛ እጃቸው መፈረም ነበር። አርባ ሰባት ዓመት ካርዱን ሳይጽፉ ኖሩ።

ባለፈው ጸደይ ጭንቅላታቸው ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት አንደበታቸው ተዘጋ። ለሰባት ወር ሲታመሙ ቆይተው፣ በአባን ወር 11 ቀን 1401 ጠዋት፣ ጊቲ ፊታቸውን ስታጥባቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«በንድ» አሉ።

ያዘቻቸው። እጃቸው እስኪቀዘቅዝ አልለቀቀችም። በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ካርዱን ጊቲ ጽፋዋለች። «በንድ፦ እጄን ያዘኝ። አንደኛ ምስክር፦ ማህሩ። ሁለተኛ ምስክር፦ አባቷ።»

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ዛሬ ከማህሩ አጠገብ ያርፋሉ። አላህ ይዘንላቸው፤ እጃቸውን ሲዘረጉላትም ልጃቸው «ቆዩ» ሳትል ትያዛቸው።