ግድግዳ እያየሁ የመረጥኩልሽ አምፕሊፋየር

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽ አሁንም በብርድ ያስቸግርሻል ወይስ ተሻለሽ? ልጆቹስ? ትንሿ ዛሬም ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ ነው የምታደርገው? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ ባለቤቴ በጣም ትስምሻለች። እኔም ከሐሳብ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሐሳቡን ግን ዛሬ ላንቺ ካላራገፍኩት አንጀቴን ሊቆርጠው ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሳቂ። በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም።

ትናንት ባልሽ ያንን ከባድ አምፕሊፋየር ተሸክሞ ሱቃችን ድረስ መጣ። ላቡን እየጠረገ፣ እየው እስቲ አንድ ነገር ሆኗል አለኝ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለና ቆሞ ያንቺን ነገር ነገረኝ። ጊታርሽን ከነማኅደሩ ቁምሳጥኑ ላይ ሰቅለሽዋል አሉ። ለምትዘፍኚበት አዳራሽ ባለቤትም ሌላ ሰው ፈልግ ብለሽዋል። እጄ ደርቋል፣ ወንድሜ እንኳን አዝኖልኝ ነው የዋሸኝ ብለሻል። ወይ ነዶ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እጅሽ አልደረቀም፣ እታለሜ። ድምፅሽም ምንም አልሆነም። ይህቺን አስቀድመሽ አንብቢያት፤ የቀረውን ኋላም ታነቢዋለሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።

እኛ ሱቅ አምፕሊፋየር እንዴት እንደሚመረጥ ነግሬሽ የማውቅ አይመስለኝም። አለቃዬ አንድ ሕግ አለው፤ ገዢ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዓይን የሚያብለጨልጭ ነገር ካየ ጆሮን ያታልላል ባይ ነው። እሱ ከኋላ ሆኖ አንዱን ያበራል፣ ጊታር ይመታበታል፣ ያጠፋና ሌላውን ያበራል። ገዢው "የመጀመሪያው" ወይም "ሁለተኛው" ካለ በኋላ ብቻ ነው ዞሮ የሚያየው። አንቺ፣ ከኔ ጆሮ ያንተ ይሻላል አንተው ምረጥልኝ ብለሽ ስለላክሽብኝ ግድግዳውን ያየሁት እኔ ነኝ።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። ሁለቱም በትላልቆቹ አምፖሎች የሚሠሩ ናቸው፤ ሲበሩ ውስጣቸው እንደ ፍም የሚቀላው፣ ቁመታቸው የውኃ ብርጭቆ የሚያህለው። ድምፁን በመጨረሻ ገፍተው ወደ ስፒከሩ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። አንደኛው ሁለት አለው፣ ሌላው አራት። ባለትንንሽ አምፖሉን ከጅምሩ ትቼዋለሁ፤ ጮክ ሲያደርጉት ድምፁ ቶሎ ይሻክራል፣ አንቺ ደግሞ እየዘፈንሽ ስለምትመቺ ጥርት ያለ ነው የሚያስፈልግሽ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። አለቃዬ ለዚያች አዳራሽ ባለሁለቱ ይበቃታል፣ ባለአራቱ ሜዳ ላይ ለሚጫወት ሰው ነው ብሎ መክሮኝም ነበር። አላዋቂ እንደመከረኝ ቆጥሬ ፊቴን አዞርኩ።

ባለሁለቱን አበራ። ጥሩ ነው፣ ግን ጎረቤት ቤት የሚጫወት ያህል ራቀብኝ። ባለአራቱን ሲያበራው ወለሉ በጫማዬ በኩል ተንቀጠቀጠ፣ ደረቴን መታኝ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! "ሁለተኛው!" ብዬ ጮህኩ። አለቃዬ ቆይቶ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይመለስ ነበር። እኔ ግን የኔ ጆሮ ተሳስቶ ያውቃል ወይ ብዬ ተቆጣሁት። 

የኩራቴን ምንጭ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባባ ጊታር ቤቴ አይገባም ባለበት ዘመን፣ አንቺ ጓዳ ሆነሽ ስትለማመጂ እኔ ደጃፍ ላይ ነበር የምቀመጠው። የአባባ ቁልፍ ገና መታጠፊያው ጋ ሲንቃጨል እሰማና ለምልክት እስልልሻለሁ፤ ጊታሩ ከአልጋ ሥር ይገባል። ጆሮ ጠቢዬ እያልሽ ትስሚኝ ነበር። አንድም ቀን አልተያዝሽም።

በአዳራሹ የተጫወትሽ ዕለት ከኋላ ነው የተቀመጥኩት። ፊት ያሉት ሰዎች እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሲወስዱ ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉ መስሎኝ ነበር። ወጥተው ሲሄዱ ደግሞ ለሲጋራ ነው አልኩ። አንቺ መሃል ላይ ቀና ብለሽ በዓይንሽ ፈለግሽኝ። ልክ ነው ወይ እያልሽኝ እንደሆነ ገባኝ። ልቤ አንድ ነገር ጠርጥሮ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ አውራ ጣቴን አነሳሁልሽ። አንቺም አምነሽኝ ቀጠልሽ።

ትናንት ባልሽ ባለበት አበራነው። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩት፤ ጸጥ ያለ ነው። ደህና ነው እኮ ብዬ ቀና ስል ባልሽ ፊቱን አኮማትሯል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች በሩጫ ገባች፤ ሌላው እጇ ጆሮዋ ላይ ነው። "ኧረ በናታችሁ ያንን ፉጨት ዝጉልን፣ ጥርሴን አሳከከኝ!" አለች። አለቃዬ አጠፋው። ሦስቱም እኔን አዩኝ። የምን ፉጨት ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ባዳነቱ እስከዚህ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ኋላ አለቃዬ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ቀስ አድርጎ ነገረኝ። ፉጨቱ የመረጥኩ ዕለትም ነበረ። እሱማ እኔ የማላውቀው ነገር ሰምቶበት ይሆናል ብሎ ተወኝ። ያፏጨችው ከትላልቆቹ በፊት የጊታሩን ድምፅ የምትቀበለው፣ አውራ ጣት የምታህል ትንሿ አምፖል ናት፤ ነቅለው ሌላ ቢተኩላት ያለቀ ነገር። አንቺን ከጊታርሽ ያለያየችሽ እሷ ናት። እሷና እኔ።

ዛሬ እንደገና ተመረጠልሽ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ባለሁለቱን መረጠች። ለምን ስንላት፣ "ይሄኛው ዘፋኟን ያዘፍናታል፤ ያኛው ራሱ ካልዘፈንኩ ይላል" አለች። የሁለቱን አምፖሎች ጉልበት በመለኪያ አስተካከልኩ፤ መርፌውን ለማየት ዓይን ይበቃል። ባልሽ ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል። ባለአዳራሹ እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታሽን ለሌላ አልሰጥም ብሏል፤ ስለዚህ በናትሽ ጊታሩን አውርጂው።

ሌላም አለ፣ እሱን ለመጻፍ ነው ብዕሬ የከበደኝ። ስትደውዪ ባለቤቴ እያነሳች ሥራ ላይ ነው የምትልሽ እኔ አስጠንቻት ነው። አትቀየሚያት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላ ስንቴ መክራኛለች፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። አፍሬ ነው፣ እታለሜ። ከሰው ሁሉ ይልቅ አንቺን ነው ያፈርኩት።

ባልሽ ሊወጣ ሲል ደግሞ የመጨረሻዋን ነገረኝ። ያን ዕለት ከመድረክ ስትወርጂ፣ መጨረሻው ላይ ድምፅሽ ወደ ላይ ሲወጣ አስለቀስሽኝ ብዬሽ ነበር። ለካ መጨረሻውን አልዘፈንሽውም። ፉጨቱ ከእጅሽ የመጣ መስሎሽ፣ አላስችል ሲልሽ አፍሽን ዘግተሽ በጊታር ብቻ ጨርሰሽዋል። አዝኖልኝ ዋሸኝ ያልሽው ለዚህ ነው። በእናታችን አልዋሸሁሽም፣ እታለሜ። ሰምቼዋለሁ፣ አልቅሻለሁም። የሰማሁት ግን የጓዳውን ነው።

እጅሽን ይባርከው፣ ድምፅሽን ያቆየው፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ወገብሽንም ይማርልሽ። መልሱን ጽፈሽ ላኪልኝ እንጂ አትደውዪ። ስትመለሺ ከፊት ረድፍ ወንበር ያዢልኝ፣ ልክ ትይዩሽ። ማይኩንም ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ አፍሽን እንዳይጋርድብኝ።

ጆሮ ጠቢሽ የነበረው
ታናሽ ወንድምሽ