ወፍጮው ሲቆም የፈነዳው ፓወር ሰፕላይ

ሰኞ

ጧ! አለ። ከዚያ ጭስ። ከዚያ የእህቴ የራድያ ድምፅ፦ "ሸምሱ! ምን አደረግከው?"

ምንም አላደረግኩም። ገጠምኩት እንጂ። ራድያ ታላቄ ናት። የሽንኩርት መደቧን ለሌላ ሴት ለቃ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ልትከፍት ነው። የአጎታችን ልጅ ኑረዲን ኮምፒዩተሩን ከመርካቶ በክፍልፋይ ገዝቶ በሚኒባስ ላከው። "የሚገጥም ሰው እንፈልግ" ብትለኝ ሳቅኩባት። ዕድሜውን ሙሉ የወፍጮ ሞተር ሲጠግን የኖረ ወንድም እያላት! ቡታጅራ ውስጥ እኔ ያላስነሳሁት ወፍጮ ካለ በእጅ የሚፈጭ ድንጋይ ነው። አሁን ደግሞ የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ። አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ አባዛለሁ፣ እቀንሳለሁ።

ገጠምኩት። የተረፈኝ አንድ ብሎን ብቻ ነው። ቁልፉን ስጫን ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ በራ። ራድያ እልል አለች። "ይሄማ ምን አላት፣ ሄሊኮፕተር አምጪልኝ" እያልኩ ስኮራ የቀትሩ፣ የዙህር አዛን ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ፣ ጧ!

የተበላሸ ዕቃ ነው የላኩልን። ለራድያም ይህንኑ ነገርኳት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማክሰኞ

ራድያ ሳታማክረኝ ለኑረዲን ደውላ "የተቃጠለ ዕቃ ላክብን!" ብላ ጮኸችበት። እሱ ደግሞ ሻጩ ላይ ሊጮኽ ሄደ። ጩኸቱ በአንድ ቀን አዲስ አበባ ገባ፣ ያለ ሚኒባስ።

እኔ ምርመራ ላይ ነኝ።

ሶኬቱ፦ ደህና፣ ስልኬን ቻርጅ አደረግኩበት።
ገመዱ፦ ደህና።
የኮምፒዩተሩ ቁልፍ፦ ደህና።
ፓወር ሰፕላዩ፣ መብራቱን ለኮምፒዩተሩ የሚያድለው ሳጥን፦ እሱ ነው ነገሩ። ኑረዲን በስልክ እንዳለኝ ብቻውን አውጥቼ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘሁ። በሕይወት ካለ ማራገቢያው ይዞራል አለኝ። አልዞረም። አሥር ጊዜ ሞከርኩት። አሥር ጊዜ ሬሳ።

ስገለብጠው ቀይዋን ማብሪያ አየኋት። ከኋላው ናት፣ ትንሽ። በአንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 ቮልት ይላል፣ የሚገባውን መብራት መምረጫ ናት። ትናንት ከመሰካቴ በፊት መብራቱን በቴስተር ለክቼው ነበር። 150 አለኝ። ሒሳብ ተምሬ የለ? ቀነስኩ። ከ115 የሚርቀው 35፣ ከ230 የሚርቀው 80። ወደሚቀርበው፣ ወደ 115 አዞርኳት። በልቤም ራሴን አመሰገንኩ።

ለምን 150 ሆነ? ግድግዳ የሚጋራን የከድር ወፍጮ እየፈጨ ነበራ! እሱ ሲፈጭ የሰፈሩ መብራት ይደክማል። አዛን ሲል ከድር ወፍጮውን አጥፍቶ ወደ መስጊድ ሄደ፣ መብራቱ ወደ ሙሉ ጉልበቱ ተመለሰ፣ 115 ላይ የተቀመጠው ምስኪን ፈነዳ። ወፍጮ ሲቆም መብራት እንደሚጨምር በዚህ ከተማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለሰው የማስተምረው እኮ እኔ ነኝ!

ማብሪያዋን በጥፍሬ ወደ 230 መለስኳት። ማንም አላየም።

ረቡዕ

ኑረዲን ደወለ። "ሻጩ ቀይዋ ማብሪያ የት ላይ ናት ብሎ ይጠይቃል" አለኝ።

"230 ላይ።"

"ስትሰካውም እዚያ ነበረች?"

"ታዲያ የት ትሆናለች?"

"ወላሂ በል።"

"ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም" ብዬ ዘጋሁት። ኔትዎርኩ ከመቼውም የበለጠ ጥርት ያለ ነበር።

ራድያ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አዲሱ ቤት ዱዓ እንዲደረግ ሽማግሌዎቹን ጠርታለች። ቀን ለውጡልኝ አይባሉም። "እስከዚያ ይሠራል?" አለችኝ። ኢንሻአላህ አልኩ። መደቧን የወሰደችው ሴት ሸራ ወጥራ፣ ሽንኩርቷን ደርድራ ስትሸጥ አይቻት በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ሐሙስ

ፓወር ሰፕላዩን ፈታሁት። ካፓሲተሩ፣ መብራት የሚያጠራቅመው ቆርቆሮ፣ ሆዱ ተነፍቶ አናቱ ተቀዷል። የሚተካ ፍለጋ ሬዲዮ ጠጋኞቹን ሁሉ አዳረስኩ፣ የለም። አንዱ አሽትቶት፣ "ማዘርቦርዱስ ተረፈ?" አለኝ።

ይህን አላሰብኩም ነበር። ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ እሱ ነው፤ እሱ ከተቃጠለ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ የለም፣ ራድያ ያላትን ጨርሳለች። ምሳ አልበላሁም። እኔ ምሳ ሳልበላ የቀረሁበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ካለ ይምጣ።

ኑረዲን ከሻጩ ጋር ተኳርፏል። ጎረቤት ናቸው፣ አሁን ሰላምታ የላቸውም። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ራሱ ገዝቶ ይልካል።

ዓርብ

ሽማግሌዎቹ መጡ። ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፣ እንደ ሙሽራ። ሸኽ ሙዘሚል፣ "ጉዳያችሁን ተናገሩ፣ ዱዓ እናድርግበት" አሉ። ራድያ ተነሳች።

"መደቤን ለቅቄ ነው ይህን የጀመርኩት። የተቃጠለ ዕቃ የሸጠብኝ ሰው ላይ አላህ ይፍረድልኝ" አለች።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉ። የሰባት ሽማግሌ እጅ፣ መርካቶ ባለ አንድ ንጹሕ ሰው ላይ!

"ሸኽና ቆዩ! እጃችሁን አውርዱ!" ብዬ ጮህኩ። "ሰውየው አልበደለም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።"

ስለ ማብሪያዋ፣ ስለ ከድር ወፍጮ፣ ስለ ጥፍሬ ሁሉንም ተናገርኩ። ከድር ራሱ እዚያው ተቀምጧል፣ "እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?" አለ። የሳቀ የለም። ሸኽ ሙዘሚል ወደ እኔ ዞረው፣ "እንግዲያው ዱዓው ላንተ ነው" አሉ። "አላህ እጅህን ይያዝልህ።"

"አሚን።"

"ምላሱንም" አለ አንዱ ከኋላ። የዚያኛው አሚን በለጠ።

 ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ራድያ ስልኩን አንስታ ኑረዲንን አፉ በለኝ አለችው። ለሻጩም እንዲነግርልን ለመነችው። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

ቅዳሜ

አዲሱ ፓወር ሰፕላይ በጠዋቱ ሚኒባስ መጣ። ማብሪያዋን ራድያ ራሷ 230 ላይ አድርጋ ፕላስተር ለጠፈችባት። በአጭር ሽቦ ብቻውን ሞከርኩት፣ ዞረ። ከማዘርቦርዱ ጋር አገናኘሁት። ቁልፉን እሷ ተጫነች።

ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ሜሞሪውን አውጥቼ አብሼ መለስኩ። ጥቁር። የስክሪኑን ገመድ ቀየርኩ። ጥቁር። ኑረዲን በስልክ የሚያውቀውን ሁሉ ጨረሰ። "ሰኞ አምጡት፣ ቦርዱ ይኑር ይሙት የሚለይ ባለሙያ አለ" አለ።

ራድያ ወንበር ስባ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀመጠች።  እኔም ቆምኩ። የምቀልደው ነገር ፈልጌ አጣሁ።

በመጨረሻ፣ "ሰኞ በመጀመሪያው መኪና አብረን እንሄዳለን" አለች። "እኔ እናገራለሁ። አንተ ትሸከማለህ።"

"እሺ እቴ" አልኩና ገመዶቹን መጠቅለል ጀመርኩ።