ኲሓ ዝም ያለባቸው ቅዳሜዎች

ሚያዝያ 13 ቀን 1939፣ ሰኞ

ሙቀት። ጠዋት መቀሌ ስልክ ቤት ገብቼ የኲሓን ስልክ ቤት ጠራሁ... ዝም። የስልኩን እጀታ ደግሜ አዞርኩ። ዝም። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ። ቅዳሜ ከሰዓት ይቋረጣል፣ ሰኞ ይጠገናል። ጠጋኙን ጀላሉን ላክሁት። መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ፣ ለምሳ ሳይደርስ ቀጥሎት ተመለሰ። ይህ ወሎዬ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?

አዲሱ ሹማችን አቶ ደመላሽ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው። አስጠርተውኝ፣ ሽቦ በራሱ አይቆረጥም፣ ቆራጭ አለው አሉኝ። እውነታቸውን መሰለኝ። ማን ይሆን? ሽፍታ? ሽቦ ሸጦ የሚበላ?

ማታ ለባለቤቴ ለአያልነሽ ነገርኳት። "አንተ ሄደህ አይተኸዋል?" አለችኝ። ጠጋኝ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ? ሴት ስለ ሽቦ ምን ታውቃለች ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ጀላሉ ታሰረ።

ፖሊሶች በጠዋት ቤቱን ፈተሹ። ከአልጋው ሥር የስልክ ሽቦ ተገኘ። ሽቦ ሲባል... ክንድ ክንድ የሚያህል ቁርጥራጭ። ሲጠገን ጫፍ ይተርፋል፣ የተረፈው ጫፍ የጠጋኙ ነው። እኔ ይህን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ እንዲህ ነው። በሩን ያስርበታል፣ ሚስቱ ሁሪያ ልብስ ታሰጣበታለች። ስልክ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። አቶ ደመላሽ ብቻ አያውቁም። "ልማዱ ነው" አልኳቸው። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ቢሰሙኝም ባይሰሙኝም እንዲሆን አድርጌ። "ልማድ ከሆነማ ሌብነቱ የቆየ ነው" አሉ። ወደ ስልኬ ተመለስኩ።

ነገ ሳይሆን የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ለፍርድ ይቀርባል። የመንግሥት ሽቦ ቆርጧል ከተባለ አምስት ዓመት አያንሰውም ይላሉ። እኔ ደግሞ መስመሩ እንዳይቋረጥ ምን ቢደረግ እንደሚሻል እስከ ሰኞ በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዘዝኩ።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ሁሪያ መጣች። በጓሮ በር ገብታ ከአያልነሽ ጋር ስታወራ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ከወሎ፣ ከቃሉ ተነሥተው ሲመጡ እዚህ አንድ ሰው እንደማያውቁ፣ መቀሌ ላይ ያላቸው ዘመድ የባሏ ሥራ ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ስትወጣ አየችኝ። "እርስዎ ያውቁታል፣ ጌታዬ" አለች።

አውቀዋለሁ... ታዲያ ምን ላድርግ? እኔ ዳኛ ነኝ? እህል አልወርድ አለኝ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ስልክ ቤት ያለው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ሆኗል። የመዝገብ ጸሐፊው አስናቀ፣ መስመሩ የሚያልፍበት መንደር በሙሉ ይቀጣ ይላል። ታመነ የሚባለው ሁለተኛው ሠራተኛ ዘበኛ ይቁም ይላል። ዘበኛው እሱ እንዳይሆን እንጂ። አቶ ደመላሽ አንዱ ከተፈረደበት ሌላው ይፈራል ይላሉ።

አባቴ መንዝ ውስጥ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ሰዎች ገና ሲቀመጡ ስለ ካሳ ማውራት ከጀመሩ፣ ካሳውን ተዉትና መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደተነሣ ንገሩኝ ይሉ ነበር። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። እስቲ እንደሳቸው ላስብ።

መንደሩ ይቀጣ... ካልቆረጠስ? በማያውቀው የተቀጣ ሰው እልኸኛ ይሆናል። እስከ ዛሬ ያልቆረጠው ከነገ ጀምሮ ይቆርጣል። ዘበኛ ይቁም... ለስንት ዓመት? ምን እንደሚጠብቅ ሳያውቅ? ጀላሉ ይፈረድበት... ለምን ብሎ ይቆርጣል? ሽቦ ቢያምረው የመጋዘኑ ቁልፍ በእጁ ነው። በተቋረጠ ቁጥርስ በፀሐይ መሰላል ተሸክሞ የሚሄደው ራሱ አይደል?

ሦስቱም አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ለምን ቅዳሜ? ለምን ከሰዓት? ለምን ሁልጊዜ እዚያው፣ እንዳ ኢየሱስ ከሚባለው ኮረብታ ሥር? ይህን ሳናውቅ ሰው መቅጣት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ቆራጩ ጀላሉ ከሆነ በዚህ ቅዳሜ ስልኩ አይቋረጥም።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስልኩ እንዲቋረጥ እየጸለይኩ ነው። የስልክ ሠራተኛ!

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ከምሳ በኋላ ከስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። በየሩብ ሰዓቱ ኲሓን እጠራለሁ። እዚያ ያለው ሠራተኛ ተናደደ፣ ምን ነክቶህ ነው ዛሬ አለኝ። ደህንነትህን ልጠይቅ ነው አልኩት። ዘጠኝ ሰዓት... ይመልሳል። ዘጠኝ ተኩል... ይመልሳል። ቆራጩ ጀላሉ ኖሯል እንዴ? ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አዞርኩ። ዝም። ደግሜ አዞርኩ። ዝም!

ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። አስናቀ ያበድኩ መስሎት በሩን ከፍቶ አየኝ። ሰውየው ወህኒ ቤት ነው፣ ሽቦው ተቆርጧል። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል? ሮጥኩ ወደ አቶ ደመላሽ።

"ግብረ አበር አለው ማለት ነዋ" አሉኝ።

ቤቴ እስክደርስ ስሳደብ መጣሁ። ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው... ሊኖረው ይችላል'ኮ። እኔ ስለማውቀው ነው እንጂ እሳቸው ከየት ያውቁታል? "እሱ አይደለም" ማለት አይበቃም። ሽቦውን ምን እንዳገኘው ማሳየት አለብኝ።

አያልነሽ ያንኑ ጥያቄዋን ደገመችው። እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ አልኳት። ለነገሩ ቀድሞስ ምን አግዶኝ ነበር? ስንፍና።

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ታመነን ይዤ ሄድኩ። ስንት ጊዜ ተቋርጧል፣ አንድም ቀን እግሬ ደርሶ አያውቅም።

መጀመሪያ የሽቦውን ጫፍ አየሁ። በጉጠት የተቆረጠ ጫፍ ጠፍጠፍ ይላል። ይህ ተስቦ ተስቦ ቀጥኗል፣ ሾሏል። የቆረጠው ሰው የለም፣ ተበጥሶ ነው! ታመነ ወጥቶ ቀጠለው። ከዚያ ግራር ሥር ተቀምጠን ጠበቅን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግመሎች ብቅ አሉ። ለሰኞ ገበያ ጨው የጫኑ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት የሚገቡ። አንዱ ከሌላው ኋላ የታሰረ፣ ዐሥራ አምስት ይሆናሉ። ከጨው በላይ ሰሌን፣ ከሰሌን በላይ እንጨትና ዕቃ... ፎቅ ነው የሚመስለው። ፊት ፊት የሚሄደው ባለግመል ሽቦው ጋ ሲደርስ፣ እንደለመደ ሰው በዱላው ሽቦውን ከፍ አደረገው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ግመል አሳለፈና ዱላውን አውርዶ መንገዱን ቀጠለ። ዐሥረኛው ላይ ሽቦው የጭነቱን እንጨት ያዘው። ግመሉ ሊቆም ፈለገ፣ የፊተኛው ይጎትተዋል። ጧ አለ። ኲሓ ዝም አለ።

ሮጬ ደረስኩበት። የዓጽቢ ሰው ነው። ከመይ ውዒልካ ተባባልን። ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት፣ እሱ ግን ከኔ ይብስ የሰለቸው ነው።

"ሓወይ፣ ሽቦው ዝቅ ያለ ነው" አለኝ። "በብርዱ እናልፍ ነበር። ሙቀት ሲመጣ ወረደ። የምንችለውን እናነሣለን።"

ለምን ለሰው አልነገራችሁም ስለው፣ መንግሥትን ሽቦህ ዝቅ ብሏል የሚል ማን ነው ብሎ ሳቀ።

እዚህ ሽቦውን የያዙትን ሁለት እንጨቶች ያስተከልኩት እኔ ነኝ። በታኅሣሥ። በብርድ ጠዋት። ረጅም እንጨት ጠፍቶ አጭር ብቻ ነበር የተገኘው። ቁመቱ ይበቃ እንደሆነ ለማየት በቅሎዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ከሽቦው ሥር አለፍኩ። አልነካኝም። ይበቃል አልኩ። እኛ አገር መንገድ ላይ ከሚያልፍ ሁሉ ትልቁ ጃንጥላ የያዘ ባለበቅሎ ነው... ግመል ውል አላለኝም። መቀሌ ተቀምጬ!

በዚያው ቀን፣ ማታ

መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ ልጻፈው፣ ማንም አያየው። ነገ ረጅም እንጨት ፈልጎ ሁለቱን በጸጥታ መቀየር። ስልኩ አይቋረጥም። ማን ተከለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለመስመሩ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም።

ከዚያስ? ከዚያ አቶ ደመላሽ፣ "አያችሁ፣ ጀላሉ ከታሰረ ወዲህ ግብረ አበሩም ፈርቶ ተወ" ይላሉ። እኔ የጠገንኩት እሱን ያስፈርድበታል። ሽቦውን አድኜ ሰውየውን እቀብረዋለሁ።

ስለዚህ እንጨቱ ሳይነካ ነው መናገር ያለብኝ። ማን እንዳስተከለውም ጭምር። ከሥራ ቢያስወጡኝስ? ለአያልነሽ ነገርኳት። "አምስት ዓመት ሁሪያን መንገድ ላይ እያየህ ልትኖር ነው?" አለችኝ። ፈራሁ። ብፈራም ነገ እናገራለሁ።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ተናገርኩ!

ይመኑኝ አላልኳቸውም። ይለኩልኝ ነው ያልኳቸው። ታመነ በጠዋት ሽቦውን ቀጠለው። በሁለት ሰዓት አቶ ደመላሽ ባሉበት ገመድ ላይ ድንጋይ አስሬ በሽቦው ላይ ወረወርኩ፣ ከመሬት እስከ ሽቦው ለካሁ፣ ልኩ ላይ ቋጠርኩ። እስከ ስምንት ሰዓት ግራሩ ሥር ቆየን። እያጉረመረሙ። እንደገና ስለካ ሽቦው ከቋጠሮው ስንዝር ተኩል ያህል ወርዷል። ገመዱን ተቀበሉኝ። ራሳቸው ወረወሩ፣ ራሳቸው ለኩ። ያው ነው። ሁለት ባለግመሎች ስናስጠይቅ ያንኑ ነገር ነገሯቸው።

"እነዚህን እንጨቶች ማን ነው ያስተከለው?"

"እኔ ነኝ።"

ገመዱን መልሰው ሰጡኝ። ነገሩ ከላዬ የወረደው ያን ጊዜ ነው፣ ምን እንደሚያደርጉኝ እንኳ ገና ሳላውቅ። ቅልል አለኝ። እንዲያውም ራበኝ። ቤት ገብቼ የቀረበልኝን ጠራርጌ በላሁ፣ አያልነሽ ስታየኝ ሳቀች።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ጀላሉ ተፈታ። ተመስገን። ተመስገን።

አቶ ደመላሽ ራሳቸው ወህኒ ቤት ሄደው አስወጡት። ይህን አልጠበቅኩም ነበር፣ ሰውየውን አላወቅኳቸውም። ቁርጥራጭ ሽቦውንም አስመለሱለት። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ይጻፍ! ከሁሪያ ቤት የተነሣው እልልታ እዚህ ድረስ ተሰማ። አያልነሽ፣ ኲሓም ያለ ስልክ ሳይሰማው አልቀረም አለች።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ፣ ጊዮርጊስ

ጀላሉ እንኳን አደረሰዎ ሊለኝ መጣ። ከስቷል። አያልነሽ ብርዝ ቀዳችለት። ይቅርታ ጠየቅኩት። እንደፈራሁት አልከበደኝም። ከዚያ ሲያንገበግበኝ የሰነበተውን ጠየቅኩት።

"ሽቦውን ግመል እንደሚበጥሰው አታውቅም ነበር?"

"አውቅ ነበር እንጂ፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ተናግሬያለሁ'ኮ። ለእርስዎ። እንጨቱን የተከልን ለት።"

ለፖሊሶቹስ ስለው፣ ታስሮ የአለቃውን ስም የሚያነሣ ሰው ለመዳን ብሎ ነው ይባላል እንጂ ማን ያምነዋል አለኝ። እኔ እንደነገረኝ አላስታውስም አልኩት። አልተከራከረኝም። አልሐምዱሊላህ፣ ወጥቻለሁ፣ ይበቃል ብሎ ብርዙን ጠጣ።

ሲሄድ ይህንን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩት። ታኅሣሥ 11። እንዲህ ይላል፦ "ሁለት እንጨት ተተከለ። ብርድ። ጀላሉ ዛሬ ወሬ አበዛብኝ።"

በራሴ እጅ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ረጃጅሞቹ እንጨቶች ከቆሙ ወዲህ ስልኩ አልተቋረጠም።

ዛሬ በጠዋት ወደ ዓዲ ሓቂ በኩል ለሚሄደው አዲስ መስመር ቦታ ልንለይ ወጣን። የመጀመሪያው እንጨት የሚተከልበትን እኔው ምልክት አደረግኩ። ታመነ ዶማውን አነሣ። ቆይ አልኩት።

"ጀላሉ፣ አንተ ምን ይታይሃል?"

አላመነኝም መሰለኝ፣ መጀመሪያ የታመነን ዶማ አየ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገና፣ በክረምት ጎርፉ የሚወርደው በዚህ ነው፣ ከዚያ ከድንጋዩ ወዲያ ቢሆን አለ። አየሁት። ምልክቴ ልክ ጎርፉ መሄጃ ላይ ነው። ሌላስ አልኩት። ሌላም ነበረው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ይህንን ደብተር አወጣሁና የሚለውን መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ገጽ ሞላ፣ እሱ ገና አልጨረሰም።