አባባ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ

ውድ ወንድሜ ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

ቅዳሜና እሁድን በዚህ ሙቀት ከአባባና ከእማማ ጋር በመኪና ወጣ ብለን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳው አባታችን ገና ከሰፈር ሳንወጣ ቁልፉን ሰጠኝና፣ "ዛሬስ እኔም እንደ ሰው አገር ልይ" አለ። መንገዱን ሙሉ ወደ ውጭ እንደዞረ ነው የደረስነው። በጎኑ ያለው መስታወት ግን አቧራ እንደለበሰ ነበር፤ አልጠረገውም።

ከሰዓት ቲያትር ገባን። ከፊት ተቀምጠን እንኳ አባባ ተዋናይ በገባ ቁጥር "ይሄ ደግሞ ማነው?" እያለ እማማን ይጎነትላታል። አንዱ ተዋናይ ዝም ብሎ በእጁ ብቻ ሲቀልድ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አባባ ከሰው ሁሉ ኋላ ሳቀ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደረጃውን እጄን ይዞ ወጣ። "እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው" ይለኛል። ቄሱ መስቀሉን ሲዘረጉለት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ኋላ እሳቸው ራሳቸው ወደ ከንፈሩ አስጠጉለት።

ከተመለስን ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ሙቀቱ ይሆናል።

እማማ ፎቶህን ላክልኝ ትልሃለች። አባባ ግን "ፎቶው ይቅር፤ ድምፁን ቀርጾ ይላክልኝ" ብሏል።

በዓይነ ሥጋ ለመተያየት ያብቃን። ብቻ አትቆይ።

እህትህ