ከምሳ በኋላ የሚያርፈው አውሮፕላን

ለታምሬ፣ ለሹፌሬ፤

እንደምን ሰነበትክ ልልህ አፌ አይደፍርም። ካጣንህ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ቤቱ አለ፣ ልጅህ ማህሌት አለች፣ እኔም እንዳለሁ አለሁ። አውሮፕላንህም አለ፤ እንደተውከው፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ደመና ውስጥ። የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው። ነገ ቅዳሜ ወንድምህ ግርማ ኮምፒውተሩን ሊወስድ ይመጣል።

ቆይ፣ አትቆጣ። መጀመሪያ ስማኝ።

ነገሩ የተበላሸው ሙት ዓመትህ ዕለት ነው። ካህናቱ ጸልየው፣ ሰው በልቶ ሄዶ፣ የቅርብ ዘመድ ብቻ ቀርቶ ሳለ እናትህ የልብስህን ነገር አነሱ። ካፖርትህንና ጫማህን ለንስሐ አባትህ፣ የቀረውን ለነዳያን ተባለ። ደንብ ነው፣ አልከፋኝም። ከዚያ ዓይናቸው ጥግ ላይ ጨርቅ ወደ ለበሰው ኮምፒውተር ሄደ። የግርማ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ እዚህ አቧራ ከሚጠጣ ለእሷ ቢሆን የልጄም ነፍስ ደስ ይላታል አሉ። የተቀመጠው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ምን ልበል? በባሌ ሙት ዓመት፣ ለባሌ እናት፣ ለተማሪ ልጅ አልሰጥም ልበል? ሆዴ ኧረ አይሆንም እያለ፣ አፌ ደስ ይለኛል እማማ ብሎት አረፈ። ታውቀኝ የለ! ለይሉኝታ ስል ቤቴን ብጠየቅ ቁልፉን ፈልጌ የምሰጥ ሰው ነኝ። ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

ግርማ ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱን አንተም ታውቃለህ። እሑድ ዕለት ደወለልኝና ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ አለ፤ ደስ ያሰኘኝ መስሎትም፣ አንድ ባለሙያ አግኝቻለሁ፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭንላታል አለኝ። ሁሉን አጥፍቶ! ስልኩን እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ብዬ ላስረዳው? ወንድምህ አንድ አውሮፕላን አየር ላይ ትቶ ሄዷል፣ ሳያርፍ አታጥፉብኝ ልበለው? እብደት ጀመራት ተብዬ ነገውኑ ጠበል ነው የምወሰደው። እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ ብዬ ዘጋሁ።

መቼም ሰው ቢሰማ ይስቃል። ዕድሜህን ሙሉ የመንግሥት መኪና ነዳህ። ሐኪሙ ይህ ልብ ከእንግዲህ መሪ አይችልም ብሎ ቤት ሲያውልህ፣ ቁልፉን ለመሥሪያ ቤት አስረክበህ የመጣህ ቀን ፊትህን ማየት ያስፈራ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከመሃል ከተማ ያን አሮጌ ኮምፒውተር በባጃጅ፣ እንደ ሕፃን አቅፈህ መጣህ። ለማህሌት ትምህርት ነው ብዬ መረቅሁህ። ለካስ ጌታው አውሮፕላን ማብረሪያ ጌም አስጭኖበታል፣ መሪም ገዝቶለታል! እንኳን ልታበር አንድ ቀን ተሳፍረህ አታውቅ።

ዋንጫው ደግሞ የባሰ ነበር። አንድ ከባድ ነገር በተሳካልህ ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ የወርቅ ዋንጫ ብልጭ ትላለች። በሌሊት ማሳረፍ ዋንጫ አለው፣ በአንድ ሞተር ማሳረፍ ዋንጫ አለው፣ ነዳጅ ሊያልቅ ሲል ማሳረፍም እንደዚሁ። አንዷን ባገኘህ ቁጥር ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ መሥሪያ ቤታችሁ በቮሊቦል ያገኘውን ያንን የዛገ ዋንጫ ታወርዳለህ፣ ውሃ ትሞላበታለህ፣ አንተ ትጠጣና ለእኔም ታቀምሰኛለህ። ዝገት ዝገት ይላል ብዬ ስነጫነጭ የድል ጣዕሙ ነው ትለኛለህ። የማይረባ! ያን ዝገት አሁን ምነው አንዴ በቀመስኩት።

የቀረችህ አንዲት ዋንጫ ነበረች፤ በነጎድጓድና በከባድ ዝናብ የማሳረፍ። እሷን ሀዋሳ ከለከለችህ። ጌሙ ላይ በጋውን ክረምት ማድረግ ይቻላል፣ አንተ ግን ጣራው ካልጮኸ ዝናቡ ዝናብ አይመስለኝም አልክ። ውጭ ካልዘነበ አትጀምርም። ውጭ ሲዘንብ ደግሞ ምን እንደሚሆን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ መብራት እልም! አውሮፕላንህ በሰማይ፣ አንተ በጨለማ። ኧረ በፀሐይ ሞክረው ብዬ ስንቴ ለመንኩህ። እምቢ አልክ። በኋላ ብልሃት አገኘህና ነፋስ ሲጀምር አየር ላይ እንዳለ ሴቭ ታደርገዋለህ፤ መብራት ሲመጣ ከዚያው ከደመናው ትቀጥላለህ።

እኔን ረዳት አብራሪ ብለህ ሾመኸኝ ነበር። እኔ የማውቀው ግን የታክሲ ረዳት ነው። ሥራዬ ከአጠገብህ ተቀምጬ ከፍታውን ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር፤ መሬቱ ሲቀርብ ወራጅ አለ! እላለሁ። አንዴማ በሳቅ እጅህ ተንቀጥቅጦ ሣር ላይ አወጣኸን። ሕግህ አንድ ነበረች፣ ከመኪናው ያመጣሃት፤ ካላየህ አትግባ። ማኮብኮቢያው ካልታየህ ጉልበት ስጠውና ወደ ላይ ውጣ፣ ዞረህ ና። መዞር አያሳፍርም፣ የሚያሳፍረው በግምት መግባት ነው ትላለህ። ያን ጊዜ እኔ ወራጅ የለም፣ ንዳው! ማለት ነበረብኝ። ስንት ጊዜ ብያለሁ።

የመጨረሻዋ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። መብራቱ ግን፣ የእግዜር ተአምር፣ አልሄደም። አዲስ አበባ ልትገባ ስትል ደረትህን ያዝ አደረግህ። ትንሽ ደከመኝ፣ ምሳ ልብላና እጨርሰዋለሁ ብለህ ተነሳህ። ምሳውም አልተበላ። ዝናቡ እላያችን ላይ እየወረደ በባጃጅ ሆስፒታል ገባን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም። እጄ እምቢ ይለኛል።

ድንኳን ሲተከል ኮምፒውተሩ እንደበራ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሥዕል ሲያበራ ነውር ነው ብለው ነጠላ ጣል አደረጉበት። ማጥፊያውን ማን ያውቃል? እኔ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ሲመጣ ሰው ሲሄድ፣ በነጠላው ሥር ያቺን ሰማያዊ ብርሃን አያለሁ። አመሻሽ ላይ መብራት ሄደና ብርሃኗም ሄደች። ገና ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት። ለቀስተኛው አሁን ወጣላት አለ።

የሕይወት ታሪክህ ሲነበብ ደግሞ የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ስንት ዓመት አገለገለ፣ የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበር፣ በቃ። ስለ ዋንጫዎችህ አንድ ቃል የለም። ብድግ ብዬ በአንድ ሞተር አሳርፏል እኮ! ማለት አማረኝ። እንዴት ተብሎ። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

ሰፈሩን ብታየው ግራ ይገባሃል። ጭቃችን ኮብልስቶን ሆኗል፤ አንተ ጫማህን አውልቀህ የምትሻገረው ቦታ አሁን ባጃጅ እስከ በራችን ይገባል። ማህሌት ቁመቷ ካንተ በለጠ፣ አነጋገሯ ግን አንተን ቁጭ ነው፣ ነገር አታስረዝምም። ለራሳችን ለሀዋሳም አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው ይባላል። በቀበሌ ስብሰባ ሲነገር ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ምናለ ትንሽ ብትቆይ! በአጥር ቀዳዳ እንኳ ሲያርፍ ታይ ነበር።

አውሮፕላኑ መትረፉን ያወቀችው ማህሌት ናት። እኔማ ያ መብራት ሲሄድ ጠፋ ብዬ ነበር። ከአርባህ በኋላ ነጠላውን አንስታ ከፈተችውና ጠራችኝ። ለካስ ከመነሳትህ በፊት ሴቭ አድርገኸዋል። ስም ስጠው ሲልህ፣ በላቲን ፊደል፣ በአንድ ጣት እየለቀምክ፣ ከምሳ በኋላ ብለህ ጽፈህለታል። ከምሳ በኋላ! ልጄ ፊት አላለቅስም ያልኩት ሁሉ እዚያው ቀረ።

እስከዚህ ሳምንት ድረስ አልነካሁትም ነበር፤ መኖሩን ማወቅ ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ቅዳሜ መጣብኝ። ሳይጠፋ ላሳርፍልህ ብዬ ማህሌት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ እንቀመጣለን። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ታምሬ! አንተ ስትይዘው ቀላል ይመስል ነበር። መሪውን ነካ ሳደርገው ይጋደማል፣ ላቃናው ስል በሌላው ጎኑ ይጋደማል፣ መብረቁ ዓይኔን ያጠፋዋል፣ ከዚያ ጓ! አውሮፕላኑም እኔም አንድ ላይ። መልሰን ስንከፍተው እዚያው አንተ የተውክበት ደመና ውስጥ ደህና ሆኖ ይጠብቀናል። እንደገና እጥለዋለሁ። በጣልኩት ቁጥር ያን ባጃጅ ውስጥ አንተን ደግፌ የተቀመጥኩ ይመስለኛል፤ ይዤህ፣ ምንም ላደርግልህ ሳልችል።

ማህሌት አየሩን እናጥራው፣ ሰማዩ ፀሐይ ይሁንልሽና አሳርፊው አለችኝ። ይቻላል አሉ፣ አንድ መጫን ብቻ ነው። ግን ያ በረራ ያንተ አይሆንም፣ ዋንጫውም አትመጣም። ፍላሽ ላይም ገልብጣልኛለች፤ ጌሙ ከሌለ ግን አይከፈትም፣ የጫነልህም ልጅ ሱቁን ዘግቶ የት እንደገባ አይታወቅም። የጌም ቤት ልጆችን ጠየቅን፣ ኳስ ካልሆነ አናውቅም አሉ። ለግርማ እውነቱን ንገሪው ትለኛለች ደግሞ። ስልኩን አንስቼ ስሙ ላይ እደርስና አስቀምጠዋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ከሐይቁ በኩል ጠቆረ። ቆርቆሮው መንጫጫት ሲጀምር ማህሌትና እኔ ተያየን። እሷ በእኔ ቦታ ተቀመጠች፣ እኔ ባንተ። አማተብኩና ከፈትኩት። ዝናቡ ውጭም ውስጥም አንድ ሆነ። ማህሌት ከፍታውን ታነባለች፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ዛሬ መሪውን አልታገልኩትም፤ አንተ እንደምታደርገው በሁለት ጣት ብቻ ያዝኩት። ወረድን፣ ወረድን። ማኮብኮቢያው መታየት የነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ብቻ ነው። ትንሽ ልጠብቅ አልኩ። አሁንም ነጭ ነው። ማህሌት ወራጅ አለ ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት። አልታየኝም፣ ታምሬ። ነገ ይወስዱታል፣ ሌላ ቀን የለኝም፣ ግን አልታየኝም። ጉልበቱን እስከ መጨረሻው ገፋሁትና አፍንጫውን ወደ ላይ አነሳሁ።

ሲወጣ፣ በጎን በኩል፣ ደመናው ለአፍታ ተሰንጥቆ የማኮብኮቢያው መብራቶች ታዩኝ። ተደርድረው። ለካ አጠገባችን ነበር። ዞሬ ልመጣ መሪውን ሳዘነብል መብራት እልም አለ።

ልጄና እኔ እዚያው ጥቁር ስክሪን ፊት ዝናቡን እየሰማን ተቀመጥን። አላሳረፍንልህም። ዋንጫዋም አልመጣችም። ግን አልጣልነውም፤ መብራቱ ሲሄድ ወደ ላይ እየወጣን ነበር።

ይህን የምጽፍልህ መስኮቱ ሥር ሆኜ ነው፤ መብራት እስካሁን አልመጣም፣ ግርማ ጠዋት ይደርሳል። ቃሌን ማጠፍ አልችልም፣ ምክንያቱን መናገርም አልቻልኩም። ኮምፒውተሩን እንደምሰጠው አውቃለሁ፤ በባጃጅ ጭነው ሲወስዱትም በር ላይ ቆሜ በደህና ግቡ እላለሁ። ከዚያ ገብቼ የቮሊቦሉን ዋንጫ አወርዳለሁ። እሱን ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝም፣ እናትህም ቢሆኑ፣ አልሰጥም። ውሃ ሞልቼበት ለማህሌት አቀምሳታለሁ፤ ዝገት ዝገት ይላል ትበል።

አንተን መርሳት እንደሁ አይሆንልኝም። ጣራው በጮኸ ቁጥር ቦታዬን አውቃለሁ፣ ካጠገብህ ነው። እንዳትገባ፤ ምንም አይታይም። ወራጅ የለም፣ ታምሬ። ንዳው።

ረዳትህ