የሰርጌ ዘፈኖችና የበሩ ነገር

ለምወድህ ወንድሜ ለተረፈ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እንዴት ከረምክ? ጀርባዬን ያመኛል ያልከው ነገር ተሻለህ? ሱቁስ እንዴት ይዞሃል? እዚያ በስደት አገራችሁ ወቅቱ የእኛ ተገላቢጦሽ ነውና ብርዱ ሊገባ ነው ብሎኛል ከአንተ ዘንድ የመጣው ሙከሚል፤ ያ ወፍራም ሹራብህ አለ ወይስ እንደ ልማድህ ለሰው ሰጠኸው? ምሳ በሰዓቱ ትበላለህ? ይህን የምጠይቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እማዬ አጠገቤ ቆማ ጻፊው እያለችኝ ነው። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁላችንም ደህና ነን። በደብዳቤ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ይባላል። እኔ ግን የምጽፍልህ የጎደለ ስላለ ነው፤ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

በየሳምንቱ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ አንተ ትስቃለህ፣ እኔም እስቃለሁ፣ አባባ ከጎኔ ሆኖ ስጪኝ ይላል፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይጠፋል። ወረቀት አያቋርጠኝም። ሙከሚልም ኢድን ከቤተሰቡ ጋር ውሎ ወደ እናንተ ሊመለስ ነውና በእጁ ሰድጄዋለሁ። ብቻህን ስትሆን አንብበው።

እንደምታውቀው ሰርጋችን ለግንቦት አሥራ ስድስት ተቆርጧል። ድንኳኑና በሬው የወንዶቹ ሥራ ነው። ሙሽራው ዮሲ ደግሞ ወልቂጤ የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ጥሎ እንደ ልቡ መምጣት ስለማይችል የዘፈኑ ምርጫ እኔ ላይ ወድቋል። ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ለመግቢያው ሌላ፣ ለዳቦ ቆረሳው ሌላ፣ ለጨዋታው ሌላ ዘፈን ነው የሚያስፈልገው። ሁዳዴ ስለሆነ ቤት ውስጥ ዘፈን አይከፈትም፤ እማዬ ስታየኝ ፊቷን ታጠቁራለች። ስለዚህ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ፣ ነጠላዬን በላዩ ጣል አድርጌ ነው የምውለው። እትዬ ሰልሚያ በአጥሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠርተውኝ ባልሰማቸው፣ ይቺ ልጅ ሰርጓ ሳይደርስ ልቧ ሄደ ብለው ለሰፈሩ አውጀዋል።

እውነታቸውን ነው፣ ሄዷል። ባለፈው ቅዳሜ የዮሲን እናት ልጠይቅ ወደ አገና ስሄድ ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። እኔ ጆሮዬ ውስጥ ክራሩ ጀመረ። ጉሙ ገለጥ ሲል እንሰቱ ብቅ ይላል፣ መልሶ ይሸፈናል፤ እኔ ግን የማየው ድንኳናችንን ነበር። አንድ ዘፈን በጀመረ ቁጥር አንድ ነገር ይሆናል። ታናሻችን ሆሳዕና ቀሚሷን ሰብስባ ስትሮጥ አያለሁ፣ የአገና አክስቶች ክብ ሠርተው ሲያጨበጭቡ አያለሁ፣ ዮሲ ክራቫቱ ወደ ጎን ዞሮበት ሲዘል አያለሁ። ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ ብሩን ሳይሆን ስልኬን ዘረጋሁለት። አጠገቤ የተቀመጡት አባት እስከ አገና ድረስ ለብቻቸው ሲስቁ ነበር።

ምን ምን እንደመረጥኩ ልንገርህና እዚህ ሆነህ እንደሰማህ ይሁንልህ። ዳቦ ስንቆርስ ዝግ ያለ ይሁን ብያለሁ፣ ምክንያቱም ዮሲ ሲያጎርሰኝ ጣቱን ልነክሰው አስቤያለሁ፤ በሞቀ ዘፈን ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ሆሳዕና ደግሞ የጫማ ጨዋታ ካልተደረገ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። ሙሽሮቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ አንድ የራሳቸውን አንድ የሌላኛቸውን ጫማ ይዘው፣ ማን ነው ቀድሞ የሚያኮርፈው ተብሎ ሲጠየቅ የዚያን ሰው ጫማ ያነሳሉ። አባባ ይህን ሲሰማ፣ ሙሽራ በባዶ እግሯ ሰው ፊት ልትቀመጥ ነው ብሎ ደነገጠ። ማታ ግን ሆሳዕናን ጠርቶ ጥያቄዎቹን ማን ነው የሚያወጣው ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ አንድ ጥያቄ ያቀብላታል፤ ብዙዎቹ ስለ እኔ ሆድ ናቸው።

የመልሱ ዕለትም አለ። ክትፎው ሲቀርብ የሙሽራው ድርሻ ላይ ሚጥሚጣ ሳይታወቅ ይበዛበታል፣ እሱም ፊቱን ሳያኮማትር መጨረስ አለበት፤ አንተ በማን ሰርግ እንደጀመርከው ባላውቅም አሁን የቤታችን ሕግ ሆኗል። ለዚህ የመረጥኩት ዋሽንት ብቻ ነው። ሁሉም ዝም ብሎ፣ ዋሽንቱ ቀስ ብሎ እየሄደ፣ የዮሲ ዓይን እንባ ሲያቀርር ታየኝ። ምስኪኑ ምንም አያውቅም፤ እንዳትነግረው።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ።

በእኛ ቤት ሙሽራው ሲደርስ የሙሽሪት ወንድም በሩ ላይ ይቀመጣል። ሚዜዎቹ ዘፍነው፣ ዘለው፣ ሽቶ ረጭተው ደስ ካላሰኙት አይነሳም፤ እሱ ካልተነሳ ደግሞ ማንም አይገባም። አንተ ይህን ምኑን ትረሳዋለህ? የአክስታችን ልጅ አደይ ቡኢ ከተማ ስትዳር በሩን የያዝከው አንተ ነበርክ። የቢራ ሳጥን ገልብጠህ፣ እግርህን አነባብረህ፣ ገና ነው፣ አልሞቀኝም እያልክ ስታዘልላቸው የሚያሳየው ቪዲዮ ሆሳዕና ስልክ ውስጥ አለ። መጨረሻ ላይ ጭፈራው ሲጥምህ ራስህ ተነስተህ አብረሃቸው ስትዘል በሩ ባዶውን ቀረና ሙሽራው ማንም ሳይፈቅድለት ሹልክ ብሎ ገባ። እማዬ ይህን ባየች ቁጥር እንደ አዲስ ትስቃለች።

እኔም በሞኝነቴ የዚህን ቪዲዮ ድምፅ ለናጃህ ወሰድኩለት። ናጃህ መናኸሪያው አጠገብ ሳውንድ ሲስተም የሚያከራየው ዲጄ ነው፤ አንተ ስትሄድ ገና ተማሪ ነበር። ጩኸቱን አጥርቶ፣ ጭብጨባህንና ድምፅህን ብቻ አስቀርቶ ከበስተኋላው ከበሮ አስገባበት። ቤቱ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ሳጥኑ ባዶውን በራችን ላይ ተቀምጦ፣ ያንተ ድምፅ ከስፒከሩ ገና ነው፣ አልሞቀኝም ሲል፣ የአገና ልጆች ለማይታይ ሰው ሲዘልሉ ታየኝ። ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር በሕይወቴ ያሰብኩ አልመሰለኝም። እንባዬ መጣ፣ ናጃህም አይቶ እንዳላየ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እማዬ ሳትሰማ ለአባባ ከፈትኩለት። መጀመሪያ ፊቱ በራ፣ ወደ በሩ ዞሮም ተመለከተ። እውነት እልሃለሁ፣ የገባህ መስሎት ነው። ሲያልቅ ድጋሚ ልከፍት ስል ግን እጁን አነሳ። የሰው ድምፅ ያለ ሰውየው የሚሰማው በለቅሶ ቤት ነው፣ ልጄ አልሞተም አለኝ። ቆጣም አላለም፣ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ከዚያ ባርኔጣውን አንስቶ፣ ሰርጉ ለጥር ይሁን፣ ልጁ እመጣለሁ ብሎኛል፣ በሩን የሚይዘው እሱ ነው ብሎ ወጣ።

ተረፈ፣ የአገና ሽማግሌዎች ቤታችን ከመጡ ይኸው ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። አምና ለጥር ተባለ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ሊያልቅልኝ ነው አልከው፣ ተራዘመ። ዘንድሮ ለጥር ተባለ፣ አሁንም እንደዚያው። ዮሲ እጠብቃለሁ ይላል፣ ደግሞም ይጠብቃል፤ እናቱ ግን ባለፈው ሲሸኙኝ እጄን ይዘው፣ ልጄ፣ ከእኛ ቤት የምትፈሩት ነገር አለ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ሚኒባሱ ሊሄድ ነው አልኳቸው፤ ገና ሁለት ሰው ነበር የተሳፈረው።

ከዚያ ሙከሚል መጣ። አትቆጣው፣ እንዳይናገር አስምለኸው እንደነበር ነግሮኛል። እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት። ወረቀትህ እንኳን ለግንቦት ለከርሞም እንደማይደርስ፣ ከወጣህ መመለሻ እንደሌለህ፣ ይህንንም ከዓመት በፊት ጀምሮ እንደምታውቅ ነገረኝ። አባባ በስልክ መቼ ትመጣለህ ባለህ ቁጥር እመጣለሁ የምትለው እንዳይከፋው ብለህ ነው። አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር። ያን ቀን ማዳመጫዬን አወለቅኩና ወደ ገበያው ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ምን ልገዛ እንደሄድኩ ግን ትዝ አላለኝም።

ራምዚ ጋ ነበር ያቆምኩት። ከልጅነትህ ጀምሮ አብሮህ ያደገ፣ የእትዬ ሰልሚያ ልጅ፣ ከአንተ ቀጥሎ ወንድሜ ማን አለኝ? በሩን አንተ ያዝልኝ አልኩት።  ወላሂ ተረፈ በአፉ ካለኝ እንኳን በሩን አስፋልቱንም እዘጋላችኋለሁ፣ እሱ ሳይለኝ ግን በቦታው አልቀመጥም አለኝ። እሱን ልቆጣው አልቻልኩም። ቦታህን ሁሉም እንደያዘልህ ነው፤ ስለዚህ ነው ማንም ማለፍ ያልቻለው።

አሁን በስልክ ልነግርህ ያቃተኝን ልንገርህ። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። አባባ ቤቱ ባዶ መስሎታል። ሳሎን ውስጥ አንድ እጁን ቁምሳጥኑ ላይ አድርጎ፣ በአፉ ምቱን እየመታ፣ ጭፈራችንን ይለማመዳል። ያ በእትዬ ሰልሚያ የበኩር ልጅ ሰርግ ከሰዓቱን ሙሉ ከወጣቶች እኩል ሲዘል የነበረው አባባ ነው። ሦስቴ ዘለለ። በአራተኛው ጉልበቱ እምቢ አለውና ቁምሳጥኑን ተደግፎ ቀረ። እያቃሰተ ጉልበቱን አሸ፣ ከዚያ ደግሞ ሞከረ። እኔ በጓሮ ዞሬ፣ ባልዲ አንኳኩቼ፣ ቆይቼ ገባሁ። ደህና ዋልሽ ሲለኝ ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ነበር።

በማግስቱ ናጃህ ጋ ሄጄ ድምፅህን አጥፋልኝ አልኩት። ከዚያ ለአባቶች ጭፈራ የመረጥነውን ዘፈን ቀስ እንዲያደርገው ጠየቅኩት። የጉራጌ ጭፈራ ቀስ ይላል እንዴ፣ ምን ሆነሻል እህቴ፣ ሰው ይስቅብኛል ብሎ ተንጫጫ። ምክንያቱን ስነግረው ግን ወንበሩን ስቦ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ። ትንሽ በትንሽ እየቀነሰ አሰማኝ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አባባን አዘለልኩት። እዚህ ላይ አይደርስበትም፣ እዚህ ላይም አይደርስበትም፣ እዚህ ላይ ግን ደረሰበት። ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እየሳቀ፣ የዮሲን አባት ፊት ለፊቱ አድርጎ ሲዘል አየሁት። ማንም ቀስ መደረጉን አያውቅም። እንዳየሁት ቢሆንልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እመጣለሁ አትበለው።  አለመምጣትህን ከእኔ ከሰማ አምና አይደርስም ስለው እንዳደረገው አላምንም ይላል፣ ካንተ ሲሰማ ግን ያምናል። ደውልለትና አልደርስም፣ ግንቦት አሥራ ስድስት ዳሯት፣ በሩን ራምዚ ይያዝልኝ በለው። ይከፋዋል። ሁለት ቀን አይበላ ይሆናል፣ አይናገርም ይሆናል፤ እኛ አለንለት። አንተም ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ብቻህን እንዳትሆን፣ ሙከሚል አጠገብህ እያለ ደውል። ባትመጣ አልቀየምህም። እያንዳንዱ ዘፈን ሲጀምር ቆመህ የምትታየኝ አንተ ነህና የት ትቀርብኛለህ? ግን ለዘንድሮው ግንቦት ዘፈኑን የቀነስነው ትንሽ ብቻ ነው። ለከርሞ ምን ያህል እንደምንቀንሰው አላውቅም።

እማዬ ጉንጮችህን ስማ፣ ሹራቡን ልበስ ትልሃለች። ሆሳዕና ለጫማው ጨዋታ አንድ ጥያቄ ከአንተም ትፈልጋለች፤ የሚያሳፍር ይሁን ብላሃለች። ዮሲ በአክብሮት ሰላም ይልሃል። እትዬ ሰልሚያ አላህ ያገናኘን ብለዋል። ራምዚ ስልኩን እየጠበቀ ነው። አባባም ሰላም ብሎሃል፤ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ያውቃል፣ የጻፍኩትን ግን አያውቅም። አሁን በራፉ ላይ ተቀምጦ፣ ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ ለሙከሚል እኔ ራሴ አደርስለታለሁ እያለኝ ነው።

እህትህ ሲፈን
ቡታጅራ፣ መጋቢት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.